አምፖሉ ምን በደለ

በዚያ የዓይን ሕክምና ክፍል አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ባለመጻፉም ከተጻፉት ሁሉ በላይ ይከበር ነበር። ፕሮፌሰሩ በመሣሪያው አጮልቀው “ታያችሁ?” ካሉ መልሱ “ታየኝ” ነው። “አልታየኝም” ብሎ የመለሰ ሰው ተሰምቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ መልስ መኖሩንም ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑት ሐኪሞች፣ ሬዚደንቶቹ፣ ሳይረሱት አልቀሩም።

መሣሪያው ስሊት ላምፕ ይባላል። በሽተኛው አገጩን ባንድ በኩል ያስደግፋል፣ ሐኪሙ በወዲያኛው በኩል ተቀምጦ ቀጭን ብርሃን እየሰደደ የዓይኑን ውስጥ ይመረምራል። ለተማሪ ደግሞ ከጎኑ አንዲት ቱቦ ተበጅታለታለች። በዚያች ቱቦ ጀማሪ የሚያየው ነገር ቢኖር የገዛ ሽፋሽፍቱን ነው። ዝምታ ስለምታበዛ ባልደረቦቿ “ጭምቷ” የሚሏት ሬዚደንትም ሥራ በጀመረች ሰሞን ያየችው ሽፋሽፍቷን ብቻ ነበር።

“በሬቲናው ጠርዝ ላይ ያለችው ቀዳዳ ታየችሽ?” አሏት ፕሮፌሰሩ።

“ታየችኝ።”

“ምን ትመስላለች?”

“ትንሽ ናት።”

“ጎበዝ! ሌሎቻችሁ ከእሷ ተማሩ።”

ሌሎቹም ተማሩ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባል የለ? እዚያ ክፍል ደግሞ ፕሮፌሰር አይጠየቅም።

እሳቸው ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ። በመሪ የመጣው ስንቱ ሰው በእጃቸው ታክሞ መሪውን እየመራ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ሲያስተምሩ አይሰለቹም፣ የድሃ በሽተኛ አይገፉም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ከዘመን ብዛት ጆሯቸው “ልክ ነዎት” ከሚል ቃል በቀር ሌላ መስማት ትቷል። ይህንን ቃል ጠዋት ማታ የሚያቀርበው ምክትላቸው ነበር። ሬዚደንቶቹም ከጀርባው “ዶክተር ልክ ነዎት” ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን እነሱም ያው “ልክ ነዎት” ነው የሚሉት።

አንድ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ የማንበቢያ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

“ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልገኝም! የጠብታ ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያለ መነጽር አነበብኩት። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ ወደ ወጣትነቱ ተመለሰ። የምበላው ካሮት ይሆን?”

“ልክ ነዎት፣ ካሮቱ ነው” አለ ምክትሉ፣ ማጨብጨብም የጀመረው እሱ ነው። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

ይህ ጭብጨባ የቀለጠው እንግዲህ በዓይን ሐኪሞች መካከል ነው። አንድ ጎምቱ ሰው በድንገት “ያለ መነጽር ማንበብ ቻልኩ” ሲል እንኳን ደስ ያለህ አይባልም፤ ና እስቲ ተቀመጥ፣ ዓይንህን ልየው ነው የሚባለው። የሌንሱ አስኳል እየጠነከረና እየጠቆረ ሲሄድ ቅርቡን ለጊዜው አጥርቶ ያሳያል፣ የሩቁን ይወስዳል። ሰውየው የመርፌ ቀዳዳ እያየ መንገድ ማዶ ያለ ወንድሙን አይለይም። የዓይን ሞራ መጀመሪያው ይህ ነው። ጥያቄው በየዓመቱ ፈተና ላይ ይወጣል፤ ያጨበጨቡት ሁሉ መልሰውት ያለፉ ናቸው። ጥያቄውን የሚያወጡትም ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያን ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ መብራት ደከመ። ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው “ይሄ አምፖል ሞቷል እንዴ?” ይላሉ ፕሮፌሰሩ፤ የጥገናው ሰው ተጠርቶ አምፖል ይለወጣል። አዲሱም ደካማ ሆነ። የአምፖሉ ዓይነት ተቀየረ፣ መስመሩ ተፈተሸ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም በረጅሙ መክሮ ጥፋቱ የአምፖሉ መሆኑን አረጋገጠ። በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ የተተከለው መብራት ሲስተሯን እንባ በእንባ የሚያደርግ ሆነ፤ ፕሮፌሰሩ ግን አሁንም ጣራውን ቀና ብለው እያዩ ይተክዛሉ።

ጭምቷ እናት ነበረቻት፣ ልብስ ሰፊ። ያቺ እናት ስንቱን ሙሽራ አልብሳለች፣ የስንቱን ሱሪ አሳጥራለች። የአምፖል ስሞታ በተጀመረበት ሰሞን ፕሮፌሰሩ የቀኝ ዓይኗን ሞራ አወጡላት። ፋሻው ሲነሳ ብርሃን ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የመጣው ጭጋግ ነበር። የዓይኗ መስተዋት እንፋሎት እንደያዘው መስኮት ደብዝዞ ቀረ።

ምክትሉ በስሊት ላምፑ አይቶ ፈረደ። “አሽተውታል። ያልዳነ ቁስል ታሽቶ ነው እንዲህ የሆነው።”

“ኧረ እኔ አላሸሁትም!” አለች እናትየዋ።

“በእንቅልፍ ልብዎ ይሆናላ።”

በእንቅልፉ ስላደረገው ነገር ማን ምስክር ያቆማል? ምክትሉ ጭምቷን ወደ ቱቦዋ ጠራትና “የታሸበት ቦታ ታየሽ?” አላት። ያየችው ጭጋግ ብቻ ነው። “ታየኝ” አለች።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስትወጣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዝታ ገባች፤ ማታ ማታም እናቷ እጅ ላይ እያጠለቀች አንጓዋ ላይ በመቀነት ታስረው ጀመር። እናትየዋ መጀመሪያ “ሕፃን አደረግሽኝ!” ብላ ተቆጣች። ሲውል ሲያድር ግን መኝታዋ ላይ ወጥታ እጆቿን ራሷ ትዘረጋለች። ለጎረቤቶቿም “በገዛ እጄ ዓይኔን አጠፋሁት” ማለት ለመደች። አንዲት ጎረቤት ልታጽናናት ብላ “ምን ታደርጊዋለሽ፣ እጅ አያርፍም” አለቻት፤ እሷም ይህንን ይዛ አለቀሰች።

አሁን ደግሞ የግራው ሞራ በስሏል። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ከቆመ ቆይቷል። ሻይ ስትቀዳ ኩባያው መሙላቱን የምታውቀው ጣቷን ነክራ ነው፤ የጣቷ ጫፍ ሁልጊዜ እንደተቃጠለ ነው። ያቺ ግራ ዓይን እንደ ቀኟ ከሆነች ሴትየዋ በቁሟ ጨለማ ትገባለች። ጭምቷ ይህንን ታውቃለች፤ ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው “የልጃችንን እናት እኔው ራሴ እሠራታለሁ። ሐሙስ፣ አንደኛ ተራ!” ሲሏት ደስታዋ ሌላ ነበር። ባልደረቦቿ አቀፏት። እናትየዋም የፀጉር መሸፈኛዋን አጠበች።

ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰሩ ሲያስተምሩ ከፕሮጀክተሩ ፊት ለፊት ቆሙና ብርሃኑ በአግድም ፊታቸው ላይ አረፈ። ጭምቷ ፊተኛው ወንበር ላይ ናት። የሰው ብሌን ጥቁር ነው፤ የፕሮፌሰሩ ብሌን ግን ውስጡ ቡናማ ነበር፣ የከረመ ሻይ የመሰለ። ሳታስበው ልቧ ውስጥ በሽታው ስሙን ጠራ። ከዚያ የተጣለው መነጽር ትዝ አላት፣ አምፖሎቹ ትዝ አሏት። ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ለተሰቀለ ካፖርት “እንዴት አደርክ?” ያሉትም ትዝ አላት። ያኔ ምክትሉ ካፖርቱን ወክሎ “ደህና፣ ይመስገን” ብሎ ነበር።

ቀጥሎ ትዝ ያላት ሐሙስ ነው።

ምክትሉ ቢሮ ገባች።

“ዶክተር፣ የፕሮፌሰሩ ዓይን…”

“አሞራ ነው እኮ! ምን ልትዪ ነበር?”

“ሞራ አለበት።”

ምክትሉ ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ ተመለሰና መስኮቱንም ዘጋ። “የኔ እህት፣ በደንብ ስሚኝ። ሞራ የሚይዘው ማንን ነው? በሽተኛን። ፕሮፌሰሩ በሽተኛ ናቸው?”

“አይደሉም፣ ግን…”

“አበቃ። በሽተኛ ካልሆኑ ሞራ የለባቸውም። ችግሩ አምፖሉ ነው።”

“ኧረ አምፖሉ ምን በደለ?”

“እኔን አትሞግቺኝ፤ ኮሚቴው ወስኗል” አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስምሽ ጭምቷ ነው፤ ስምሽን አክብሪ። ዝም አይነቅዝም።”

ወደ ቤቷ ሄዳ እናቷን ያዘች። “እማዬ፣ ሐሙስን እናቆየው። ሌላ ሐኪም ይሥራሽ።”

“ምነው? ምቀኛ ሆንሽብኝ?”

“ሰውየው እንደ ድሮው አያዩም።”

እናትየዋ ሳቀች። “የዓይን ሐኪም ዓይኑ አያይም? የሰማ ምን ይላል! ልብስ ሰፊ ራቁቷን ትሄዳለች በይኛ! ስሚ፣ ያንኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ምን አደረጉኝ? ባጠፋሁባቸው ተቀይመው እምቢ ይሉኛል ብዬ ስፈራ፣ ራሳቸው እሠራታለሁ አሉ። ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ።”

ጭምቷ ምን ትበል? “ያልሽው አይሆንም” ብትላት “ለምን?” ትላታለች፤ “ለምን” ካለቻት ደግሞ ነገሩ ሥር አለው፣ ሥሩ እስከ ቀኝ ዓይን ይሄዳል። እዚያ ድረስ መሄድ ፈራች። ሌላ ዘዴ አሰበች።

ረቡዕ ጠዋት በሽተኛ የማቅረብ ተራዋ ነበር። ክፍሉ ሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል፣ ምክትሉ በቀኛቸው።

“በሽተኛው ስድሳን ያለፈ ወንድ ነው” ብላ ጀመረች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። “በቅርቡ ያለ መነጽር ማንበብ ጀምሯል። የሩቅ ሰው ፊት አይለይም። የትም ቢቀመጥ መብራት አነሰኝ ይላል።”

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። “ይሄንን ነው ብለሽ ያመጣሽልን? ከበር ላይ የሚታወቅ ነገር! የአስኳል ሞራ ነው። ሰማያዊ ቀለምስ ጠይቀሽዋል? አልጠየቅሽውም! ቢጫ የሆነው ሌንስ ሰማያዊውን ይውጥበታል፤ ሰማያዊና ጥቁር መለየት ያቅተዋል። ጻፉ፣ ይህ ፈተና ላይ ይወጣል።”

ሁሉም ጻፈ። የጠረጴዛው ፊት ክፍት ስለሆነ የፕሮፌሰሩ እግሮች ወለል ብለው ይታያሉ፤ አንዱ ካልሲ ጥቁር ነው፣ አንዱ ሰማያዊ። የሚጽፈው ሁሉ ይበልጥ አጎንብሶ ጻፈ።

“ሕክምናው?” አሉ።

“ኦፕራሲዮን።”

“ሥራውስ ምንድን ነው?”

“ስለት ይዞ የሚሠራ ነው።”

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን ደበደቡ። “እንግዲያው እስኪታከም ሥራ ያቁም! ሰው ይጎዳል እኮ! እስከ ዛሬ ዝም ያሉት እነማን ናቸው? ቤተሰብ የለውም? ባልደረባ የለውም?” ቁጣቸው ሲበርድ እጃቸውን አወናጨፉና “በይ አምጪልኝ። እኔው እሠራዋለሁ” አሉ።

“አይችሉም፣ ፕሮፌሰር።”

“ለምን አልችልም?”

“በሽተኛው እርስዎ ነዎት።”

አንዱ ሬዚደንት እስክሪብቶው ወደቀበት፤ ሊያነሳ ጠረጴዛ ሥር ገባና እዚያው ቀረ። ምክትሉ ከልማዱ የተነሣ “ልክ…” ብሎ ጀመረና ቃሉን መልሶ ዋጠው።

ፕሮፌሰሩ አልጮኹም። የሳይንስ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ተነሥተው ጥግ ወዳለው ስሊት ላምፕ ሄዱና በበሽተኛው በኩል ተቀመጡ። አገጫቸውን አስደገፉ። “በዓይን የሚታይ ነገር አያከራክርም” አሉ። “ተራ በተራ እያያችሁ ንገሩኝ።”

መጀመሪያ ምክትሉ አየ። “ጥርት ያለ ነው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሌንስ!”

ቀጣዩ ጎንበስ ብሎ ሳይጨርስ ቀና አለ። “ምንም የለም።”

ከጠረጴዛው ሥር የወጣው ደግሞ “ሞራ ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!” ብሎ ማለ።

ሽፋሽፍታቸውን እያዩ ስንት ነገር “ታየን” ያሉ ሰዎች፣ ያ ቡናማ ነገር እንደ በር ፊታቸው ተገትሮ “የለም” አሉ። ጭምቷ በተራዋ አየች። እንደዚያን ቀን አጥርታ ያየችው ነገር የለም። “አለ” አለች፣ ነገር ግን አንድ “አለ” ከዚያ ሁሉ “የለም” ጋር ምን ይሆናል? ፕሮፌሰሩ አገጫቸውን አነሡ።

“ትናገሪያለሽ ብዬ አላስብም ነበር፤ ተናግሮ መሳሳት ደግሞ ያሳዝናል። በይ ለጊዜው ዓይነ ማዝ ክፍል ሄደሽ ሥሪ። እናትሽን ግን ነገ እሠራታለሁ። ቂም አልይዝም” አሉ። ቂም ቢይዙ በወደደች።

ዓይነ ማዝ ክፍል የክፍሉ ግዞት ነው። ቀኑን ሙሉ ቀይ ዓይን ይመጣል። አንዱ ጠዋት ሲነሣ ሽፋሽፍቱ ተጣብቆበት፣ አንዷ በአንድ ፎጣ ከእህቶቿ ተጋብቶባት፣ አንዱ አቧራ ያሳከከው። እጅ ታጠቡ፣ ፎጣ አትዋሱ፣ ለብ ባለ ውኃ ጥረጉት ትላቸዋለች። ከሰዓት አንድ ባለ ሱቅ መጣ፤ ጎረቤቱ “ለኔ ፍቱን ነው” ብሎ የሰጠውን ጠብታ ለወራት ሲያንጠባጥብ የዓይኑ ግፊት ጣሪያ ነክቶ ግላኮማ ሊያሳውረው ደርሷል። “ቅላቱን ግን አጠፋልኝ” ይላታል ሰውየው፣ በደስታ። ጭምቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ላይ ጮኸች። “ቅላቱ ጠፋ፣ ዓይንህስ?” አለችው፤ ሰውየውም ደንግጦ ጠብታውን በቆሻሻ ቅርጫት ጣለ።

ሐሙስ ጠዋት እናትየዋ የታጠበ መሸፈኛዋን ለብሳ ቀድማ ተገኘች። ጭምቷ እስከ ኦፕራሲዮኑ በር ለመነቻት። “ተይኝ፣ አታሳፍሪኝ!” አለቻትና በሲስተሯ እጅ ተመርታ ገባች። ጭምቷም ጭምብል አጥልቃ ተከትላ ገብታ ግድግዳው ሥር ቆመች፤ ማንም አላባረራት፣ ማንም አላያት።

እናትየዋ ተጋደመች፣ ዓይኗ ደነዘዘ፣ ፊቷ ከዓይኗ በቀር ተሸፈነ። ስለቱ የሚገባበት ቦታ በቀለም እስክሪብቶ ነጥብ ይደረግበታል፤ ምክትሉ አደረገ። ፕሮፌሰሩ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አሉ።

“ምልክቱ የታል?”

ምልክቱ ፊታቸው ነው። ምክትሉ ግን “ይቅርታ፣ ረስቼው ነው” አለና በነበረው ላይ ደገመበት።

ፕሮፌሰሩ ትንሽ ፈለጉ። “ኧረ የታል?”

“ይቅርታ፣ እስክሪብቶው ነው” ብሎ ደግሞ ጫነበት። የእናትየዋ ዓይን ዳር ቀለም የፈሰሰበት ደብተር መሰለ። ጭምቷ ከግድግዳው ተላቀቀች፤ አፏን ስትከፍት ግን ከጨርቁ ሥር ሌላ ድምፅ ቀደማት።

“ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች! ስንቴ ነው ምልክት የምታደርጉብኝ? ገበያ የምወጣ በግ ነኝ እንዴ?”

“አንዴ ነው፣ እናቴ” አለ ምክትሉ።

“ሦስቴ ነው! ዓይኔ ባያይ ጆሮዬ ይሰማል!”

ፕሮፌሰሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። “ሲስተር፣ ምልክት አለ?”

ሲስተሯ ምክትሉን አየች፣ ጣራውን አየች፣ እግሯን አየች።

“አለ፣ ፕሮፌሰር” አለች ጭምቷ ከኋላቸው። “ሰማያዊ ነው።”

“ሰማያዊ” አሉ ፕሮፌሰሩ። እስክሪብቶውን ከምክትሉ እጅ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ወደ መብራቱም አዞሩት። ትናንት ራሳቸው “ጻፉ” ያሉት ነገር ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጠው ጓንታቸውን አወለቁ። “ጨርቁን አንሡላቸው። እናቴ፣ ዛሬ አልሠራዎትም።”

“ምን አጠፋሁ?” አለች እናትየዋ።

ሲስተሯ ጨርቁን አንሥታ እጇን ይዛ አወጣቻት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፕሮፌሰሩ ጭምቷን ጠርተው አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደገፉ። አየችና ነገረቻቸው፤ የቀኙ ክፉ ነው፣ የግራው የባሰ ነው። “ከመቼ ጀምሮ ይመስልሻል?” አሏት። “መነጽርዎን ከጣሉበት ቀን ጀምሮ” አለች። “ያጨበጨባችሁ ዕለት” አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ቀጥለውም “አንቺም አጨብጭበሻል?” ብለው ጠየቁ። አጨብጭባለች። ነገረቻቸው።

ከዚያ ማን ይሥራቸው የሚለው ቸገረ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሐኪም ሁሉ ሞራ የለም ብሎ ምሏል፤ የሌለ ሞራ ማን ያወጣል? ምክትሉ መጀመሪያ “ያን ቀን የስሊት ላምፑ አምፖል ተበላሽቶ ነበር” አለ፤ ከሰዓት ደግሞ “እኔማ ድሮ አውቄያለሁ፣ ጊዜ እየጠበቅሁ ነበር” ማለት ጀመረ። በመጨረሻ ሌላ ከተማ ያሉ የሕክምና ትምህርት ቤት ጓደኛቸው ሁለቱንም ዓይን ሠሩላቸው።

ሲመለሱ በር ላይ ቆመው “ይሄንን ግድግዳ ማነው ሰማያዊ የቀባው?” አሉ። ድሮም ሰማያዊ ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው “ይሄ ምን የሚሉት መብራት ነው? ሰው ልታሳውሩ ነው?” ብለው ግማሹን አስነቀሉ። ኮሚቴው አዝኖ ተበተነ። ከዚያ የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን ሰጡ፤ የአምፖል ነገር ከተነሣ ወዲህ በእጃቸው የሠሯቸው በሽተኞች በሙሉ ይጠሩ።

“አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል? ነገሩን አለሳልሰን…” አለ ምክትሉ።

“አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ” አሉ ፕሮፌሰሩ፤ እሱም በልማዱ “ልክ ነዎት” አለ።

መጀመሪያ የተጠራችው እናትየዋ ነበረች። ጭምቷ ይዛት ገባች። ፕሮፌሰሩ ቀኝ ዓይኗን ቆይተው አዩት። ራቅ ብለው እንደገና አዩት። ተነሥተው ወንበራቸውን ዞረው መጡና ጉልበቷ አጠገብ ተቀመጡ።

“እናቴ፣ ይሄንን ዓይን አላሹትም።”

“እንዴት?”

“ማሸት እንዲህ አያደርግም። የሌንሱን ከረጢት ቀድጄዋለሁ፣ መስተዋቱንም በስለቴ ጎድቼዋለሁ። ያኔ አላየሁትም፤ አሁን አየሁት። ለዚህኛው የሚቻለውን እናደርጋለን፣ ግን አልዋሽዎትም፣ ብዙ ተስፋ የለውም። የግራዎ ደህና ነው። ማን እንዲሠራዎት እንደሚፈልጉ እርስዎ ይምረጡ።”

እናትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታሻቸዋለች፤ መቀነቱ ያረፈበት አንጓዋ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት ወጥቷል።

“አላሸሁትም?”

“አላሹትም።”

“አንተ ሰውዬ!” አለች፤ እርስዎ ማለቱ እዚያ ላይ ቀረ። “ዓመት ሙሉ በካልሲ ተኛሁ እኮ! በዚያ ሙቀት፣ በሱፍ ካልሲ! ሌሊት ፊቴን ሲበላኝ እንደ ላም በትራስ ታከክሁ! በገዛ እጄ አጠፋሁት ብዬ እጄን ረገምኩት፣ እንጀራ ያበላኝን እጄን፣ ልጅ ያሳደግሁበትን!”

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ደፉ። ጭምቷ የእናቷን ትከሻ ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ እናትየዋ ግን ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። በዚያ በሚጨልም ዓይኗ የልጇን መልክ አታይም፣ ዝምታዋን ግን ታውቀዋለች።

“ለአንቺ በመጀመሪያው ቀን ነግሬሽ ነበር። አላሸሁትም ብዬ ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ያሰርሽኝ አንቺ ነሽ።”

ጭምቷ “እማዬ” ብላ የሰደደችውን እጇን ሰበሰበች። ክፍሉ ውስጥ “ልክ ነው” የሚል ሰው ቢኖር የዚያን ቀን እውነቱን ነበር።

እናትየዋ አፍንጫዋን በመሸፈኛዋ ጫፍ ጠረገች።

“በሉ ይሄንን ግራውን ማንም ይሁን ማን ቶሎ ይሥራልኝ” አለች። “ሁለታችሁንም ፊታችሁን እያየሁ ነው መስደብ የምፈልገው።”